የኤግበርት ሴምፕል መስኮት

ኒው አምስተርዳም፣ በርቢስ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1975

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለዴንዚል፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ ፐርልስ እንዴት ናት? የዚያ አገር ብርድ አጥንታችሁ እንዳይገባ ስማችሁን በጸሎቴ ሳልጠራ አልተኛም። እኛ ደኅና ነን። ወንዙ ሞልቶ ጓሮዬ ገብቶ ነበር፤ ሁለት ዶሮ ይዞብኝ ሄደ እንጂ ሌላ ጉዳት አላደረሰም።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። «ሙሉ ጀልባ» በቴሌቪዥን ሊታይ ነው! ያ በ1960 እዚያው ለንደን ታትሞ ሳይሸጥ የቀረው፣ የተረፈውንም አልጋዬ ሥር ምስጥ የጨረሰው መጽሐፌ። ስለ መሥሪያ ቤት የሚያስቅ ተከታታይ ድራማ ነው የሚያደርጉት። የጀልባ ትኬት ቢሯችንን ማለት ነው፤ ያ ምሳውን ከተቆጣጣሪ የሚደብቀውን አለቃችንን፣ እኔን፣ አባትህን፣ ሁላችንንም። አሥራ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ።

እዚህ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። ስለዚህ ዓይናችን አንተ ነህ። ለአባትህ ስነግረው ሾርባውን እየጠጣ ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔን ነው የሚያሳዩት?» አለኝ።

«አንተን አይደለም፤ ሚስተር ኤዝራን ነው» አልኩት።

«ተይኝ እባክሽ። ኤዝራ እኔ መሆኔን ወንዙ ማዶ ሮዚኞል ያለ ውሻ ሁሉ ያውቃል።» ማንኪያውን መልሶ አነሣና፣ «ዴንዚል ያየዋል?» አለ።

ስምህን ከአፉ ከሰማሁ ስንት ዓመቴ ነው። አንተም ከሄድክ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታህን በእኔ በኩል እንጂ ለእሱ ጽፈህ አታውቅም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም፤ ዛሬም አልጠይቅህም። ብቻ አይተህ ጻፍልን። ዓይኑ ስለደከመ የማነብለት እኔ ነኝ። የዓይን ጠብታም ብትልክለት ትጸድቃለህ።

አምላክ ከክፉ ይሰውራችሁ።

አክስትህ ኢስሜይ አዶኒስ

*

ስቶክዌል፣ ለንደን
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1975

ለተከበሩ አክስቴ ለኢስሜይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔና ፐርል በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ስለ ዶሮዎቹ አዝናለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት። ዜናውን ለፐርል ባነበብኩላት ጊዜ እጅዋን አጨበጨበች፤ በማግስቱ ቴሌቪዥን ተከራየን።

የመጀመሪያውን ሐሙስ ዕለት አየነው። ስሙን ቀይረውታል። «ነገ ኑ» ነው የሚባለው። ለምን እንደቀየሩት አላውቅም። ኤዝራን የሚጫወተው ሰውዬ ቁመናው ጥሩ ነው፤ ኮቱም ንጹሕ ነው። ወንዙን በጨርቅ ላይ ሥለው ሰማያዊ አድርገውታል። የእኛ ወንዝ ሻይ እንደሚመስል የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። የቢሮው ጠረጴዛና ማኅተም የእኛን ይመስላል። ገና መጀመሪያው ስለሆነ ብዙ ነገር አልታየም።

ጠብታው ከዚህ ጋር ተልኳል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ለአባባ ሰላም በሉልኝ። አሁን ፈረቃዬ ስለደረሰ አጠር አድርጌያለሁ፤ ይቅርታ።

ዴንዚል ሴምፕል

*

ኒው አምስተርዳም
ማርች 9 ቀን 1975

ለዴንዚል፣

ሰላምና ጤና ቤታችሁ አይጥፋ። ጠብታው ደርሷል። ዓይኑን ቢያቃጥለውም «የልጄ ጠብታ ነው፣ ያቃጥል» ይላል።

ደብዳቤህን ያነበብኩት እሱ በረንዳ ላይ ነው። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ነበር። ሚስ ፍሎሬት ወንበሯን ይዛ መጣች፤ ፖስተኛው ጊርዳሪም ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቀረ። «ኮቱም ንጹሕ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ አባትህ አስቆመኝ። «እስቲ ድገሚው» አለ። ደገምኩለት። «ሰማችሁ? ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ኮቴ አድፎ አያውቅም። ለንደን ድረስ ታውቋል!» ጊርዳሪም፣ «ሚስተር ሴምፕል፣ ከእንግዲህ ሰላም የምንልህ በቀጠሮ ነው» ብሎ አሳቃቸው።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ግን አባትህ እጄን ያዘኝ። «ኢስሜይ፣ መስኮቱን አሳይተዋል ወይ?» አለኝ።

ዴንዚል፣ ያንን ቀን እናትህ ከተቀበረች ወዲህ በፊቱ ያነሣ የለም። እኔ በመጽሐፍ ጻፍኩት እንጂ አፍ ለአፍ አላወራነውም። አሁን እሱ ራሱ አነሣው። «ጻፊለት። የ1948 የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጀልባው ሞልቶ መስኮቱን የዘጋሁትን ቀን። እናቱ ዩና ታማ ልትሻገር ሰልፉ ላይ የነበረችበትን። እሱን አሳይተው እንደሆነ ጠይቂው። ሰዉስ ምን አለ? ልክ ነው አለ ወይስ አጠፋ አለ?»

እንደምታስታውሰው በመጽሐፉ ውስጥ ዘጠኝ ገጽ ነው። ኤዝራ ሚስቱን ከሰልፉ መሐል ያያታል፤ ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ፤ ሕዝቡን ከመስጠም ለማዳን ሲል መስኮቱን ይዘጋል። እሷም በሁለተኛው ጀልባ ተሻግራ ማታውን ሆስፒታል ትሞታለች። እሱን አሳይተዋል?

ደግሞ እኔም ልጠይቅህ። ሲታይ የሰው ሳቅ ይሰማል የሚሉት እውነት ነው? ብዙ ነው ሳቁ?

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናው።

ኢስሜይ

*

ለንደን
ኤፕሪል 6 ቀን 1975

ለአክስቴ ኢስሜይ፣

በጣም ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የአውቶቡስ ጋራዡ ውስጥ ሰው ጎድሎ ያለ ዕረፍት እየሠራን ነው። ፐርልም ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። እንኳን ለፋሲካ አደረሳችሁ።

መስኮቱ ታይቷል። በስድስተኛው ሳምንት ነው የታየው። ጥሩ አድርገው ነው ያሳዩት። ሳቅ አልነበረም። ኤዝራ ሚስቱን አያት፣ ብዙ ካመነታ በኋላ ዘጋው። ሰዉ ጸጥ አለ። በማግስቱ አውቶቡሴ ላይ ሁለት ሴቶች ስለ እሱ ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ «ምን ያድርግ? የስንት ሰው ነፍስ በእጁ ነው» አለች። ሌላይቱም ልክ ነሽ አለቻት። አላጠፋም አሉ።

ይህንን ለአባባ ይንገሩልኝ።

ዝግጅቱ ለጊዜው ተቋርጧል። በቦታው ሌላ ነገር እያሳዩ ነው። ሲቀጥል እጽፋለሁ።

ዴንዚል

*

ኒው አምስተርዳም
ኤፕሪል 27 ቀን 1975

ዴንዚል ልጄ፣

እጅህ ይባረክ። የጻፍክበት እጅህ፣ የያዝክበት ብዕር ይባረክ። እንዴት ናችሁ ብዬ ሳልጨርስ ወደ ወሬዬ ብገባ አትቀየመኝ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣና እስከ ወንዙ ብቻውን ሄደ። እንዴት እንዳየ አላውቅም፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል። በበነጋው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ካለ ብሎ ሲጠይቅ አባትህ ተነሣ። አንገቱን የደፋው ያ ኤግበርት! «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በልቤ ይዤ ኖሬአለሁ። እግዚአብሔር ምስክር ሳይልክልኝ አልቀረም። የማያውቁኝ ሰዎች አይተው አላጠፋም ብለውኛል» አለ። ሚስ ፍሎሬት አለቀሰች። እኔ ግን መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ሸሚዝ አሰፍቷል። መጠጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ላለፈ ላገደመው ሁሉ የለንደኑን ያወራል። ጠብታም ገንዘብም አትላክ ብሎሃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሱንም ራሴ ካልጻፍኩ ብሎ ብዕሬን ነጠቀኝ። መስመሩ ቢዛነፍብህ የዓይኑ ነገር ነውና ታገስ።

*ልጄ ዴንዚል። ሰዎቹ አላጠፋም ካሉ አንተስ ምን ትላለህ? አባትህ ኤ. ሴምፕል*

መልስህን እንጠብቃለን።

ኢስሜይ

*

ኒው አምስተርዳም
ጁን 29 ቀን 1975

ዴንዚል፣

ሁለት ወር ጠበቅን። ከአንተ ምንም ሳይመጣ ከለንደን ሌላ ሰው መጣ።

የፍሎሬት እኅት ልጅ ጆይሊን፣ ለንደን ነርስ የሆነችው፣ ለዕረፍት መጥታለች። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ለእሷ ተብሎ ምግብ ተሠርቶ ነበር። ጓሮው በሰው ሞልቷል። አባትህን አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ከፊት አስቀመጡት። ራሱ ነው የጀመረው። «የእኔ ልጅ፣ ያንን የጀልባ ቢሮ ድራማ አይተሻል?» አላት።

ልጅቱ ምን ታውቃለች? «ውይ «ነገ ኑ»ን ነው? አይቼዋለሁ እንጂ! ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛው ሁሉ ሲቀልድብን ከረመ» ብላ ተነሣች። አንገቷን ደፍታ፣ በባዶ እጅዋ ማኅተም እየመታች፣ ቀና ሳትል አፏን ከፍታ፣ «ነገ ኑ!» አለችና የወጥ ቤቱን መስኮት በአባትህ ፊት ጠረቀመችው። ሰዉ ሳቀ፣ ዴንዚል። ወጣቶቹ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ማን ከፊት እንደተቀመጠ ትዝ ሲላቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ።

አባትህ፣ «የመጨረሻውስ? ሚስቱ ሰልፍ ላይ የቆመችበት?» አላት፤ ድምፁ አይሰማም።

«እሱማ ከሁሉም ያስቃል» አለች ጆይሊን፣ ገና ሳይገባት። «ባርኔጣዋ መስኮቱ ውስጥ ይቀረቀራል እኮ! ቀጣይ የለውም፣ በስድስት ሳምንት ዘጉት።»

ተነሥቶ ወጣ። ልደግፈው ብል ክንዱን ነጠቀኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ለማንም አልከፈተም። ምግብ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መስክሯል እኮ። ምነው እንዲህ አደረግኸው? ዝም ብትል ምን ነበረበት?

ኢስሜይ

*

ለንደን
ጁላይ 13 ቀን 1975

ለአክስቴ ኢስሜይ፣

ሰላምታ ማብዛት ዛሬ አልችልም።

ስድስቱንም አይቻለሁ። ኤዝራን «ኤዚ» ብለው ሰይመውታል። አንገቱን ደፍቶ ማኅተም ይመታል እንጂ ከፊቱ የቆመውን ቀና ብሎ አያይም። ቄስ ይመጣል፣ ሙሽራ ትመጣለች፣ ፍየል እንኳ አምጥተው አቆሙበት። «ነገ ኑ» ይልና መስኮቱን ይጠረቅመዋል። ያኔ ነው ሳቁ። ስድስተኛው ላይ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ስታቃስት ከፊቱ ቆመች፤ ቀና ሳይል ጠረቀመባት። ከሁሉ የበለጠ የሳቁት እሱ ላይ ነው። ፐርል ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። እኔ መልሼ አበራሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጋራዡ ውስጥ ሬግ የሚባል አለ፤ ጠዋት ስገባ የልብስ ቁም ሣጥኑን በር ጠርቅሞ «ነገ ኑ!» ይለኛል። የእኔ ሥራ ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ትኬት ቆራጭ ነኝ። አውቶቡስ ሲሞላ እጄን ዘርግቼ ሰው ማስቆም አለብኝ። ዘርግቼ «ሞልቷል» ስል ከመንገድ ላይ ልጆቹም አሮጊቶቹም «ነገ ኑ!» ብለው ይጮኹብኛል። ይህንን ነበር እንድጽፍላችሁ የፈለጋችሁት?

ሁለቱ ሴቶች ውሸት ናቸው። ማንም ምንም አላለም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። አባባ ያንን ጥያቄ ሲልኩ እኔን እንጂ ለንደንን እንዳልጠየቁ ገብቶኛል። የራሴን መልስ መስጠት ስላልቻልኩ የሰው መልስ ሰጠሁ። ከዚያ በእጃቸው ጽፈው ሲጠይቁኝ መሸሻ አጣሁ። ለዚህ ነው ሁለት ወር ዝም ያልኩት።

አሁን ደግሞ የእርስዎ ተራ ነው። ባለፈው ወር በዕረፍት ቀኔ ወደ ድራማው ሠሪዎች ለአቤቱታ ሄጄ ነበር። በር ላይ ቆሜ አልሄድም ስላቸው አንድ ትሑት ሰውዬ ወጣ። «ደራሲዋ እያንዳንዱን ገጽ አንብበው ተስማምተዋል» አለኝና ደብዳቤዎን አሳየኝ። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። «በጣም ሳቅሁ» ይላል። ኖቬምበር ነው የተጻፈው፤ ዓይናችን ሁንልን ብለው ከመጻፍዎ ሁለት ወር በፊት።

ስለዚህ ምነው እንዲህ አደረግኸው አይበሉኝ።

ለአባባ ይህንን ያንብቡላቸው፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ። አባባ፣ ምን ትላለህ ብለውኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። የእማማን እጅ ይዤ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። እኔ አጭር ስለነበርኩ የመስኮቱን ጣውላ ሲወርድ ብቻ ነው ያየሁት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የአክስቴን መጽሐፍ ሳነብ ነው አይተዋት እንደዘጉት ያወቅሁት። ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ። በዓመቱ መርከብ ተሳፈርኩ። ልክ ነበሩ አልልም፤ አጠፉም አልልም። አይተው መዝጋትዎን ግን እስከ ዛሬ መሸከም አልቻልኩም።

ዴንዚል

*

ኒው አምስተርዳም
ኦገስት 10 ቀን 1975

ለዴንዚል፣

እንዴት ነህ ለማለት አፍ የለኝም። ቢሆንም እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

የጻፍከው እውነት ነው። የስድስቱም ክፍል ጽሑፍ ኖቬምበር ላይ ደርሶኛል። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ዞርኩት። ከዚያ «በጣም ሳቅሁ» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉን እንደገና እናሳትመዋለን ብለውኝ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከምስጥ በቀር ያነበበኝ የለም። አንተን እይልን ያልኩህ ምናልባት ሲጫወቱት ይለዝብ ይሆናል ብዬ ነው። ሳቁ ብዙ ነው ወይ ያልኩህም ለዚያ ነው። ሳቅ አልነበረም ብለህ ስትጽፍ አመንኩህ፤ ማመን ስለፈለግሁ። መጽሐፉም አልታተመም።

ደብዳቤህን ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ፣ «ኤግበርት፣ ዴንዚል መልስ ልኳል» ስል ከፈተልኝ። ከስቷል። አንድ ቃል ሳላጎድል አነበብኩለት፣ የእኔንም ጉድ ጨምሬ። በእኔ ነገር አልተገረመም፤ እጁን ብቻ አወዛወዘ። «ዓይን ለዓይን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን፣ «ቆይ» አለ።

«ልጁ ከአገር የወጣው በዚህ ነው?»

«እንዲህ ይላል።»

«አንቺ እዚያው ነበርሽ፣ ኢስሜይ። ከጎኔ ተቀምጠሽ ነበር። ቀና ብዬ አይቻለሁ?»

እሱ ቀጠለ፤ የተናገረውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ። «ቀና አላልኩም። አራት መቶ ሰው ሲሞላ ጣውላውን አወረድኩ፤ ማን እንደቆመ አላየሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የማየው እጅ ነው፤ ሳንቲም የያዘ እጅ። ለሁለተኛው ጀልባ መስኮቱን ስከፍት አንድ እጅ ገባ። ቀለበቱን አወቅሁት። ያኔ ነው ቀና ያልኩት። ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። ተሸክሜ አሳፈርኳት። የለንደኖቹ ሰዎች ቀና ብሎ አያይም ብለዋል አይደል? እነሱ ናቸው እውነቱን የተናገሩ።»

ልክ ነው፣ ዴንዚል። ከጎኑ ነበርኩ። ቀና አላለም። መጽሐፉ ላይ እንዲያያት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳያይ ከዘጋ ሰው አይቶ የዘጋ ሰው ይከበራል ብዬ፣ ለእሱ ክብር ብዬ። «ለምን ያኔውኑ ውሸት ነው አላልከኝም?» አልኩት። «ደስ አለኛ» አለኝ። «ሰዉ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ጨካኝ ግን ትልቅ ሰው ብሎ ያየኝ ጀመር። ያላየ ሰው ምን ይባላል? ዝም አልኩ። እየቆየሁ እኔም ሳላምነው አልቀረሁም።»

እኔ ክብር ልስጠው ብዬ ልጁን ወሰድኩበት። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ኢስሜይ

*

ለንደን
ኦገስት 31 ቀን 1975

ለአባቴ ለኤግበርት ሴምፕል፣

አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለእርስዎ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አጀማመሩን አላውቅበትም። ከስተዋል ብለው አክስቴ ጽፈውልኛል። እባክዎ ይብሉ።

የላኩት ቃል ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ነገር አስታወስኩ። አስታወስኩ ማለት እንኳ ውሸት ነው፤ ረስቼው አላውቅም። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ግን የታተመው እውነት፣ የእኔው የልጅ ሕልም መስሎኝ ጣልኩት።

ያን ቀን በነፋስ የሚበር የወረቀት ካይት ይዤ ነበር፤ የፋሲካ ሰኞ አይደል፣ ልጁ ሁሉ ይዞ ነበር። ከፊታችን አንዲት ዓሣ ሻጭ ሰፊ ቅርጫት ተሸክማ ቆማለች። እርስዎ መስኮቱ ላይ ነበሩ። እማማ በድንገት እጄን ጎትታ ከዓሣ ሻጯ ጀርባ አስገባችኝ።

«ዝቅ በል፣ ዴንዚል። አባትህ እንዳያየን» አለችኝ።

«ለምን?» አልኳት።

«ካየን ያስገባናላ። ካስገባን ደግሞ ሴምፕል ሚስቱን ከሰው አስቀድሞ አሳለፈ ብለው ያሙታል። የሆድ ቁርጠት ነው፣ ሞት አይደል። ሁለተኛው ጀልባ ይደርሳል።»

እኔ ድብብቆሽ መስሎኝ ተደበቅሁ። አፌን በእጄ ይዤ እስቅ ነበር። ጣውላው ሲወርድም፣ «አላየንም! አላየንም!» አልኳት፤ እሷም ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ።

አባባ፣ ቀና ቢሉም አያዩንም ነበር። ተደብቀን ነበር። ይህንን እያወቅሁ አሥራ አራት ዓመት አኮረፍኩዎ። ምን ትላለህ ላሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ሌላ መልስ የለኝም።

ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ከፋሲካ በፊት አይሆንም ብለውኛል።

ልጅዎ ዴንዚል

*

ኒው አምስተርዳም
ሴፕቴምበር 21 ቀን 1975

ለዴንዚል፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለፐርል ይሁን።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ። አባትህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ አነበብኩለት። ዓሣ ሻጯ ጋ ስደርስ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት አጎነበሰ። ይጽናናል ብዬ ነበር። አልተጽናናም።

«ካየኝ ያስገባኛል ብላለች?» አለ።

«ብላለች።»

«እውነቷን ነው። አስገባት ነበር።» ከዚያም፣ «እንዲያው ስለ እኔ ስም ተደብቃ…» አለና አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቀሰ ወይስ አላለቀሰም፣ አላየሁም።

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሊያነበው አይችልም፤ ግን አልመለሰልኝም።

በበነጋው ስሄድ ፖስተኛው ጊርዳሪ እዚያ ተቀምጧል። ደብዳቤህን ዘርግቶ ያነባል። የጊርዳሪን ንባብ ታውቀዋለህ፤ ነጥብና ሰረዝ የለው፣ ሐዘንና ደስታ የለው፣ እንደ ቴሌግራም አድርቆ ነው የሚያነበው። አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ሲያበቃ «ድገመው» ይለዋል።

ጊርዳሪ ሲሄድ፣ «እኔ አለሁ አይደለም ወይ? ምነው የመንግሥት ሠራተኛ ታደክማለህ?» አልኩት።

ቁጣ በሌለው ድምፅ ነው የመለሰልኝ። «ለልጁ ጻፊለት። ከእንግዲህ በእኔ ስም ይላክ፤ ጊርዳሪ ያነብልኛል፣ መልሱንም እሱ ይጽፍልኛል። ፋሲካ ሲመጣ በሩ ክፍት ነው በይው። አንቺ ግን አታንብቢልኝ፣ ኢስሜይ። አንቺ ስታነቢ ታሳምሪዋለሽ።»

ስለዚህ ይህ የእኔ የመጨረሻው ነው። አድራሻውን ከጀርባው ጽፌልሃለሁ።

ኢስሜይ አዶኒስ